ውዱ ራም ደሴ ሲደርስ

ጥር በገባ ቁጥር በደሴና በኮምቦልቻ የቪዲዮ ቤቶች እንቅልፍ የለም። ቅዳሜና እሑድ የተቀረጸው ሠርግ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል፤ ሙሽሮቹም ቤተሰቡም «መቼ ነው የሚደርሰው?» እያሉ ይደውላሉ። በሁለት ካሜራ፣ በ4ኬ ጥራት የተቀዳው ምስል ጎን ለጎን ተዘርግቶ ሲከፈት ግን ምስሉ ይንተባተባል፣ ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል፣ ማውሱም ባለበት ይደርቃል። ኤዲተሩ ሲስተም ዩኒቱን ተሸክሞ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ያመራል። «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ሥራ አላሠራኝ አለ» ሲል መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ «አብሽር፣ ራም ነው የሚያንሰው።» እስከዚህ ድረስ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ሁለት ዓይነት ራም ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ነው።

አንደኛው ራቁቱን ያለ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ስምንት ጥቋቁር ቺፖች ተሰልፈውበታል፤ ከላዩ የተለጠፈው ነጭ ወረቀት «8 ጊጋባይት 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2666ቪ» ይላል። ይህን መስመር ማንበብ የሚችል ሰው ግማሹን ነገር ጨርሷል። «ፒሲ4» የራሙ ትውልድ ዲዲአር4 መሆኑን ይናገራል። «2666» በሰከንድ 2,666 ሚሊዮን ጊዜ ዳታ እንደሚያቀብል ያሳያል። «1አርኤክስ8» ደግሞ ስምንት ቢት ስፋት ያላቸው ቺፖች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቪ» የምላሹን ፍጥነት ትጠቁማለች፤ ሲኤል19 ነው። ሁለተኛው ራም በአሉሚኒየም ተሸፍኗል፣ ጫፉ ላይ ባለቀለም መብራት ይሮጣል፣ ካርቶኑ ላይ 3600፣ ሲኤል16፣ 1.35 ቮልት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዋጋውም ከመጀመሪያው በእጅጉ ይርቃል። «ይኼኛው ለኦቨርክሎክ የተሠራ ነው» ይባላል፤ ከተደነገገው ፍጥነት በላይ ለመነዳት ማለት ነው። እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ላለ አብዛኛው ተጠቃሚ ያ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን ወደ ፍጥነት የሚለውጥ ማሽን፣ ሥራና የማይቆራረጥ መብራት ደግሞ ባንድ ላይ የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው።

ፈቃድ ያልኩበትን ምክንያት ለማየት ራሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም የራም ቺፕ ባብዛኛው የሚመረተው በሦስት ኩባንያዎች ነው፤ በደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ በአሜሪካው ማይክሮን። ኮርሴር፣ ጂስኪል፣ ኪንግስተን እያልን በስም የምንጠይቃቸው ከእነዚህ ቺፕ ገዝተው ሰሌዳ ላይ የሚያሳርፉ፣ የሚፈትኑና የሚያሽጉ ናቸው። ከአንድ የማምረቻ መስመር የወጡ ቺፖች አቅማቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ቮልቴጅ ሲጨመርለት ከተለመደው በላይ ይሮጣል፣ አንዳንዱ አይችልም። የሚሮጠው ተለይቶ በውድ ይሸጣል። የሳምሰንግ «ቢ-ዳይ» የሚባለው የዲዲአር4 ቺፕ በኦቨርክሎክ ወዳጆች ዘንድ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው የደረጃ አውጪ ማኅበር ለዲዲአር4 የደነገገው ቮልቴጅ 1.2 ነው፤ በ1.35 ቮልት 3600 የሚሮጥ ራም ከድንጋጌው ውጪ እየሠራ ነው። ኢንቴል ይህን ቀላል ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤክስኤምፒ የተባለውን ስልት አመጣ፤ ኤኤምዲ ደግሞ በ2022 ለዲዲአር5 ኤክስፖ የሚባል የራሱን አስከተለ። ሁለቱም የሚሠሩት የራሙን ከፍተኛ ፍጥነት በራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ጽፎ በማስቀመጥ ነው። ባለቤቱ ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ እስካላበራው ድረስ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ካርቶኑ 3600 የሚለው ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ዓመታት ያልፋሉ። ሁለቱ የፕሮሰሰር አምራቾችም ይህን ማብራት ኦቨርክሎክ ስለሚሉት በዚህ ሰበብ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ክርክሩ የሚፈታው እዚህ ነውና። የራም ምላሽ በናኖሰከንድ ሲለካ የሲኤሉን ቁጥር በ2,000 አባዝቶ ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። 3200 በሲኤል16 ሲሰላ 10 ናኖሰከንድ ይመጣል። 3600 በሲኤል18ም ያው 10 ናኖሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ አድጎ ምላሹ ባለበት ቆመ ማለት ነው። የዲዲአር5 6000 በሲኤል30ም እዚያው 10 ላይ ያርፋል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለቱን ካነጻጸርን ተራው 2666 በሲኤል19 ከ14 ናኖሰከንድ ትንሽ ያልፋል፤ ውዱ 3600 በሲኤል16 ወደ 9 ይወርዳል። የአምስት ናኖሰከንድ ልዩነት አለ፤ በወረቀት ላይ ትልቅ ይመስላል። ሆኖም ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ነገር ጠይቆ እስኪያገኝ የሚፈጀው ጊዜ መንገዱ ሁሉ ሲደመር ከ70 እስከ 100 ናኖሰከንድ ያህል ነው፤ አምስቱ የሚቀነሰው ከዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር ራም ድረስ ሳይሄድ ካሽ ከሚባለው የራሱ ውስጣዊ ማከማቻ ያገኘዋል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ሦስተኛ ደረጃ ካሽ ተጭኖለት ስለመጣ ተራ ራም ይዞም ጨዋታ ላይ ብዙም አይጎዳም። ልዩነቱ የለም አልልም፤ በሥራው ላይ የሚታየው ግን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው።

የዳታ ብዛትን በተመለከተ ያለው ስሌት ደግሞ ይበልጥ ዓይን ይከፍታል። አንድ ራም በአንድ ጊዜ ስምንት ባይት ያቀብላል። ስለዚህ አንድ ብቸኛ የ3600 ራም በሰከንድ 28.8 ጊጋባይት ያሳልፋል። ሁለት ተራ የ2666 ራሞች በትክክለኛዎቹ ቀዳዳዎች ሲሰኩ በሁለት ቻናል ስለሚሠሩ 42 ጊጋባይት ተኩል ያህል ያሳልፋሉ። ርካሾቹ ሁለቱ ውዱን አንዱን በግማሽ ያህል በለጡት፤ መጠናቸውም እጥፍ ሆነ። ብር አልበቃ ብሎት «አንድ ጥሩ ልግዛ፣ ሌላውን በኋላ እጨምራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ያ ምርጫ ከሁሉም የከፋው ነው እላለሁ። በኋላ የሚጨመረው ራም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ያለው ስለመሆኑ ዋስትና የለም፤ ሁለቱ ካልተስማሙም የኤክስኤምፒው ፍጥነት አልነሳም ይላል፣ ሁለቱም ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ።

የኤዲተሩ ኮምፒውተር የተንተባተበው ግን በናኖሰከንድ ምክንያት አልነበረም። ራሙ ሞልቶ ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ መጣል ይጀምራል፤ ሲፈልገው መልሶ ያመጣዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህ ፕሮሰሰሩ ከራም ለማግኘት ከሚፈጅበት 100 ናኖሰከንድ ጋር ሲነጻጸር መቶ ሺህ እጥፍ መዘግየት ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል አምስት ናኖሰከንድ የሚቆጥብ ውድ ራም አለ፤ በሌላ በኩል አሥር ሚሊዮን ናኖሰከንድ የሚበላ ጉድለት አለ። አዶቤ ለፕሪሚየር ፕሮ ተጠቃሚዎች የሚመክረው ለኤችዲ ምስል 16 ጊጋባይት፣ ለ4ኬ 32 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ነው። አውቶካድም በቅርብ ዓመታት 8 ጊጋባይትን መነሻ ብቻ አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን ሲመክር ቆይቷል። 8 ጊጋባይት ይዞ 4ኬ ሠርግ የሚያቀናብር ሰው ያንን 8 ጊጋባይት በዓለም ላይ አለ በተባለው ፈጣን ራም ቢተካው እንኳ ሥራው እዚያው ሞልቶ እዚያው ይቆማል፤ ዶሮ መዝለያ በሚባለው ቦታ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሳለ የሚኒባሱን ሞተር እንደማሳደግ ነው። ምርመራው ደግሞ ቀላልና ነጻ ነው። ሥራው በተጨናነቀበት ሰዓት ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሜሞሪን መመልከት ነው። ከመቶ ዘጠና በላይ ተይዞ ዲስኩ ከመቶ መቶ እየተናጠ ከሆነ የሚገዛው ነገር መጠን ነው፤ ቀጥሎም ኤስኤስዲ። እዚያው ገጽ ላይ ራሙ በስንት ፍጥነት እየሠራ እንዳለና ስንት ቀዳዳ ባዶ እንደሆነም ተጽፎ ይገኛል።

ሌላው ማሽኑ ራሱ ነው። በመሥሪያ ቤቶች፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በተማሪዎች እጅ ያለው አብዛኛው ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባ፣ አለዚያም የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ አለዚያም ላፕቶፕ ነው። የኦፕቲፕሌክስና የኤሊትዴስክ ዓይነቶቹ ባዮሳቸው ለተረጋጋ የቢሮ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ባብዛኛው ኤክስኤምፒ የሚያበሩበት ቦታ የላቸውም። ላፕቶፖችም በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው፤ ቀጫጭኖቹማ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ከየክፍሉ ተገዝቶ በሚገጣጠመው ኮምፒውተር ላይ እንኳ ወጥመድ አለ። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ትውልድ ያሉት የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰሮች በኤች310፣ በቢ360፣ በቢ365፣ በኤች410 ወይም በቢ460 ማዘርቦርድ ላይ ሲቀመጡ ራሙ ከ2666 በላይ እንዲሮጥ አይፈቀድም። ኢንቴል ለመካከለኛ ዋጋ ማዘርቦርድ ይህን በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2021 በቢ560 ነው። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ 3600 የሰካ ሰው ልክ እንደ ጎረቤቱ 2666 ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱ የሚሮጠው መብራት ብቻ ይሆናል። ገዢው ይህን ሳይጠይቅ ሻጩ ላይነግረው ይችላል፤ ስለዚህ ከራሙ በፊት የማዘርቦርዱን ስም ማወቅ ግድ ነው።

ስለ መብራት ስናነሳ የሁለቱን ከተሞች ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው፣ ቮልቴጁ ወርዶ የሚመጣው ነገር የዕለት ኑሮ ነው። ከኦቨርክሎክ ጋር ያለው ቁርኝት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። የኤክስኤምፒው ምርጫ ባዮስ ውስጥ የሚጠበቀው ከግድግዳው በሚመጣው ኃይል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ሲአር2032 በምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ዓመታት ባገለገለ ማሽን ላይ ይህች ባትሪ ብዙ ጊዜ ሞታ ትገኛለች። እንግዲህ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል፣ ኤክስኤምፒውም ይጠፋል፣ ውዱ ራም በ2133 ሥራውን ይቀጥላል። ምልክቱ በግልጽ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል፣ ብራውዘሩም ገጾችን ደኅንነታቸው አልተረጋገጠም እያለ አልከፍት ይላል። ባለቤቱ ቀኑን አስተካክሎ ይቀጥላል፤ ፍጥነቱ አብሮ እንደጠፋ የሚነግረው የለም። አንዳንድ ማዘርቦርድ ደግሞ በመነሳት ላይ እያለ ደጋግሞ መብራት ከሄደበት ኦቨርክሎኩ ያልሠራ መስሎት በራሱ ጊዜ ያጠፋዋል። በዚህ ሁኔታ ለራም ፍጥነት የተከፈለው ልዩነት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለሚያቆየው ዩፒኤስ ቢውል ኖሮ ሳይቀመጥ የጠፋ ፕሮጀክት፣ በመካከል ተቋርጦ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይተርፍ ነበር። ለቪዲዮ ቤት ይህ ከየትኛውም ናኖሰከንድ ይበልጣል፤ ጠፍቶ የሚደገም ሠርግ የለምና።

የአየሩን ነገርም በአጭሩ ላንሳ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ ግን ይሞቃል። ደሴን ብርዷ ይክሳታል። ራም ራሱ የሚያወጣው ሙቀት ጥቂት ዋት ስለሆነ አሉሚኒየሙ ለመደበኛ ሥራ አያስፈልግም፤ ተራዎቹ ቺፖች እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ያለ ችግር እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። በሳሳ አየር የሚቸገረው ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ለኦቨርክሎክ ያሰበ ሰው መጀመሪያ አቧራውን ያስጠርግ፣ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ያስቀይር።

የጨዋታ ወዳጆች እዚህ ላይ ይቃወማሉ፤ ተቃውሟቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፕሮሰሰሩ እስከ ጫፍ በሚሠራባቸው ጨዋታዎች፣ ግራፊክስ ካርዱም ጠንካራ ሲሆን፣ ፈጣን ራም የፍሬም ብዛትን በመቶ ጥቂት እጅ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጋል። ዳሩ ግን መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ማነቆው ካርዱ ነው፤ ራሙ ቢፈጥን ካርዱን ቆሞ ይጠብቀዋል። ያንኑ ገንዘብ በካርዱ ላይ የጨመረ ሰው የበለጠ ያተርፋል። አንድ ቡድን ግን አለ፤ እውነቱ ከእነሱ ጋር ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የሚጫወት ሰው፣ ለምሳሌ የራይዘን 5 3400ጂ ወይም 5600ጂ ባለቤት፣ ምስሉን የሚሠራው በዋናው ራም ነው። ለእሱ የራም ፍጥነት የግራፊክስ ፍጥነት ነው። ከአንድ የ2400 ራም ወደ ሁለት የ3200 ራሞች የተሸጋገረ እንደሆነ ጨዋታው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ እስኪመስል ይለወጣል። የኤኤምዲ መካከለኛ ማዘርቦርዶችም ኤክስኤምፒን አይከለክሉም። ይህም ሆኖ የሚያስፈልገው ሁለት ደህና የ3200 ራሞች ናቸው። ከዚያ በላይ በየደረጃው የሚከፈለው እየበዛ የሚገኘው እያነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ውድ ዕቃ ዕድሜ አለው፤ ለወደፊትም ይሆነኛል» የሚለው ነው። በብዙ ዕቃ ላይ እውነት ነው፤ የአገራችን ሰው በርካሽ ዕቃ ስንቴ ተቃጥሏል። ራም ላይ ግን በሁለት ምክንያት አይሠራም። አንደኛ፣ የዲዲአር3፣ የዲዲአር4 እና የዲዲአር5 መሰኪያ የተለያየ ነው፤ መሃል ላይ ያለችው ጥርብ ቦታዋ ይለያያል፣ ቮልቴጁም ይለያያል። ዛሬ የተገዛ ውድ ዲዲአር4 ነገ አዲስ ዲዲአር5 ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። የዲዲአር5 ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል፤ ኤኤምዲ በ2022 ያወጣው ኤኤም5 መሰኪያም ሌላ ራም አይቀበልም። ስለዚህ ወደፊት የሚያሻግረው ነገር ጠባብ ነው። ሁለተኛ፣ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ተብሎ ካርቶኑ ላይ የታተመው ነገር የሚጠየቀው ባሕር ማዶ ባለ ኩባንያ ነው። ለደሴ ገዢ ዋስትና ማለት የሸጠለት ሰው ዕቃውን መልሶ የሚቀበልበት ቀን ነው፤ ደረሰኝና የመመለሻ ቀን ተጽፎ መቀበል ከካርቶኑ ቃል ይበልጣል። ተራ ራም ሁሉ አስመሳይ ነው የሚለው ስጋትም መልስ አለው። የሳምሰንግ፣ የሃይኒክስ፣ የማይክሮን ወይም የኪንግስተን ተራ ራም በድንጋጌው ፍጥነት ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክተው የሚመጡትም ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያልረጋ ኦቨርክሎክ ነው። ፕሮሰሰር ከአቅሙ በላይ ሲነዳ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ሰው ያውቀዋል። ራም ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ግን አንዲት ቢት ሳትታይ ትገለበጣለች፤ ኮምፒውተሩም ሥራውን ይቀጥላል። የተበላሸው ቁጥር ወደ ፋይሉ ይገባል፣ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ከሳምንታት በኋላ አልከፈት ሲል ሰው ቫይረስን ይረግማል። ይህ ባልተነካ ራም ላይም ይደርሳል፤ ጎግል ከተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ጥናት በሰርቨሮቹ ካሉ ራሞች ከመቶ ስምንት የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ስህተት እንዳሳዩ ገልጿል። የጎግል ሰርቨሮች ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም ስላላቸው አውቀውታል፤ የእኛ ዴስክቶፖች የላቸውም። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ሥራውን የሚያሰላ ተማሪ፣ የሕንፃ ጭነት የሚያሰላ መሐንዲስ፣ የታካሚ መዝገብ የሚይዝ ክሊኒክ ይህን አደጋ ለጥቂት ፐርሰንት ፍጥነት መቀበል የለባቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በሁለቱ ከተሞች ስንት ተቋም ንብረቱ ተዘርፎ፣ መዝገቡ ጠፍቶ እንደገና ከዜሮ እንደተነሳ የሚያውቅ ሰው የዳታን ዋጋ አይስተውም። በተቋም ገንዘብ ኮምፒውተር የሚገዙ ሰዎች «ጌሚንግ» የሚል ራም በጨረታ ዝርዝራቸው ውስጥ ባያስገቡ፣ ዝርዝሩን በመጠን፣ በሁለት ቻናልና በዩፒኤስ ቢሞሉት አጥብቄ እመክራለሁ።

ዋጋው ደግሞ ስህተትን የሚሸከም አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከዚያ ጋር ወጣ። በዚህ ላይ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም የራም ዋጋ ራሱ ተተኮሰ። ሦስቱ አምራቾች ብዙ የማምረቻ አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሆን ውድ ሜሞሪ አዙረዋል፤ ማይክሮንም በኅዳር 2018 ክሩሻል የተባለውን፣ በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚሸጥበትን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል ተራውንም ጠንካራውንም ራም በደህና ዋጋ ያቀርብ የነበረ ስም ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ፈጣኑን ወይስ ብዙውን?» የሚለው ጥያቄ ይጠብባል፤ ገንዘቡ አንዱን ብቻ ይችላልና። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቶ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 እየተገፋ ባለበት ወቅት 4 ጊጋባይት ብቻ ይዞ መቅረት ሥቃይ ነው። ያገለገለ ተራ ዲዲአር4 ፈልጎ ባዶውን ቀዳዳ መሙላት ዛሬ በሁለቱ ከተሞች በአንድ ብር ብዙ ፍጥነት የሚገኝበት ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ውዱን ማን ይግዛው? መጠኑን የሞላ፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ ዩፒኤስ የሰካ፣ ማዘርቦርዱም ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚቀበል ሰው፣ የዋጋ ልዩነቱም ትንሽ ሲሆን ይግዛው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የሚጫወተው የራይዘን ባለቤትም ከነዚህ አንዱ ነው። አዲስ የኤኤም5 ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ሰው 6000 በሲኤል30 ወይም በሲኤል36 ያለውን ይፈልግ፤ ኤኤምዲ ራሱ ለነዚህ ፕሮሰሰሮች ተስማሚ ነው ያለው ፍጥነት 6000 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለውድድር እንጂ ለሥራ አይደለም። ኦቨርክሎክን እንደ ዕውቀት የሚማርበት ተማሪ ተራ ራም ገዝቶ 2666ቱን ቀስ በቀስ ወደ 2933፣ ወደ 3000 ቢገፋ ከተዘጋጀ ኤክስኤምፒ የበለጠ ይማርበታል፤ ማዘርቦርዱ ይፍቀድለት እንጂ። ኦቨርክሎክ ለሚያደርግ ሁሉ የሚሆነው አሠራር ግን አንድ ነው። ሁለቱ ራሞች ከአንድ ካርቶን ይውጡ። የባዮሷ ክብ ባትሪ አስቀድማ ትቀየር። ኤክስኤምፒው ከበራ በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከካርቶኑ ጋር መግጠሙ ይታይ። ከዚያም ሜምቴስት86 ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ፣ ማታ ተጀምሮ እስኪነጋ ይፈተን። አንዲት የስህተት መስመር ከታየች 3600ው ወደ 3200 ይውረድና ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመር፤ በድንጋጌው ፍጥነትም ስህተት ካሳየ ራሙ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ከነደረሰኙ ወደ ሻጩ ይመለስ።